ስለ ባለሥልጣን ጠባይ ስንጠይቅ ሁሉም «እስማማለሁ» እያለ አስቸገረን (ደሴና ኮምቦልቻ)

ሆጤ_ማዶ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በደሴና በኮምቦልቻ ነዋሪው ስለ ባለሥልጣናትና ስለ ቢሮ ኃላፊዎች የግል ጠባይ ያለውን አመለካከት የምንሰበስብበት መጠይቅ እያዘጋጀን ነው። ስለ መንገድና ስለ መብራት አይደለም፤ ስለ ሰውየው ነው የምንጠይቀው። ትሁት ነው ወይስ ትዕቢተኛ፣ ይሰማል ወይስ ያቋርጣል፣ እጁ ንጹሕ ነው ወይ፣ ዘመድ ከባዳ ይለያል ወይ።

ረቂቁ 15 ቅጽሎች አሉት። እያንዳንዱ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጭራሽ አልስማማም» አምስት ደረጃ ተሰጥቶታል። በ30 ሰው ሞከርነው። ቢሮ በር ላይ ያገኘነው ሰው ከላይ እስከ ታች «እስማማለሁ» ይልና ቅጹ ሲታጠፍ ሌላ ነገር ያወራል። ያለን 8 ጠያቂና 15 ቀን ነው፤ ያሰብነው 400 ሰው።

ቃላቱን እንዴት እናርማቸው? የት ቆመን እንጠይቅ? ስለ ጉቦ በቀጥታ ቢጠየቅ መልስ ይገኛል? 400 ሰው ለሁለት ከተማ ይበቃል?

——

መጠይቅ_ፈታሽ፦

አብሽሩ፣ ጥፋቱ የሰዉ ሳይሆን የቅጹ ነው።

መጀመሪያ «እስማማለሁ» የሚባለውን ሚዛን አውጡት። «እሺ ይበልጣል ከሺ» እየተባለ ላደገ ሰው፣ ወረቀት ይዞ የመጣን እንግዳ ፊት ለፊት «አልስማማም» ማለት ነውር ነው። እሱ የመለሰላችሁ ለጥያቄው ሳይሆን ለእናንተ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ 3ኛው ላይ «ኃላፊው ታጋሽ ናቸው»፣ 11ኛው ላይ ደግሞ «ኃላፊው ቶሎ ይቆጣሉ» ብላችሁ አስገቡ። ለሁለቱም «እስማማለሁ» ያለ ሰው ስንት እንደሆነ ቁጠሩ። ያ ቁጥር ከፍ ካለ የቀረውን መተንተን በከንቱ መድከም ነው።

ቀጥሎ ቃላቱ። ከ15ቱ ቅጽሎች ውስጥ «ኃይለኛ»፣ «ኩሩ»፣ «ጮሌ»፣ «ገራገር» የሚሉት ካሉ ተጠንቀቁ። «ኃይለኛ ኃላፊ» ለአንዱ የሚሳደብ ሰው ነው፤ ለሌላው ሥራ የሚያስጨርስ። «ገራገር» ሲባል አንዱ ቅን ሰው ይታየዋል፣ ሌላው ማንም የሚያታልለው። «ኩሩ» ምስጋናም ስድብም ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ሳይጀመር 10 ሰው ይዛችሁ «ኃይለኛ ኃላፊ ሲባል ምን ዓይነት ሰው ይታይዎታል?» በሉ። ከአሥሩ ሦስቱ ከሌሎቹ የተለየ ሰው ከሳሉላችሁ ቃሉን ጣሉት። «ትሁትና ቀልጣፋ» ብላችሁ ሁለቱን በአንድ መስመር አስራችሁ ከሆነም ፍቱት፤ ትሁት ሆኖ ጉዳይ የሚያጓትት ሞልቷል።

በቅጽሉ ቦታ ድርጊት አስገቡ። ድርጊቱ ደግሞ የመጨረሻው ጉብኝት ላይ የተፈጸመ፣ ከሦስት ወር ያልራቀ ይሁን። ከዚያ በላይ ሲሆን ሰው የሚነግራችሁ ያየውን ሳይሆን በአጠቃላይ የተሰማውን ነው።

ለትሕትና ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው፦ «ሲያነጋግሩዎት በምን ጠሩዎት?» አማራጮቹ፦ አንተ/አንቺ፣ እርስዎ ወይም አንቱ፣ አባቴ/እናቴ፣ በስም፣ ምንም ሳይጠሩ። ከቃሉ ወረዳ ገጠር የመጡ የ60 ዓመት እናት መስኮት ላይ የልጅ ልጃቸው የሚሆን ልጅ «አንቺ፣ መታወቂያሽን» ቢላቸው፣ «ትሁት ነው ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ «ደህና ነው የኔ ልጅ» ይላሉ። በምን እንደጠራቸው ከጠየቃችኋቸው ግን «አንቺ አለኝ» ብለው ይነግሯችኋል። ስሞታ ስላልሆነ፣ የሆነውን መናገር ብቻ ስለሆነ አይከብዳቸውም። «አንቺ» በፍቅርም ስለሚባል ወዲያው አስከትላችሁ «ደስ አለዎት ወይስ ከፋዎት?» በሉ። ያለዚህች ተከታይ ጥያቄ የመጀመሪያዋ ልታሳስታችሁ ትችላለች።

ለመስማት፦ «ጉዳይዎን ተናግረው ሳይጨርሱ አቋረጡዎት?» ቃል ለማክበር፦ «መቼ ይምጡ አሉዎት? በዚያ ቀን አገኟቸው?» ለአድልዎ፦ «ከኋላዎ መጥቶ ቀድሞዎት የገባ ሰው ነበር?» ከሆነ ማን እንደሆነ፤ የታመመና አዛውንት ማስቀደም አድልዎ ስላልሆነ ለብቻው ይመዝገብ።

ለቅንነት ደግሞ፦ «የጎደለውን ሰነድ በአንድ ጊዜ ነገሩዎት ወይስ በመጡ ቁጥር አንድ አንድ?» ዛሬ ፎቶኮፒ፣ ነገ ጉርድ ፎቶ፣ በሦስተኛው ቀን የቀበሌ ማኅተም። ሰው «ተንኮለኛ ነው» ወይም «ቅን ነው» የሚለው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ተነስቶ ነው፤ ሕጉን አያየውም፣ ምልልሱን ግን በእግሩ ያውቀዋል።

አንድ ሌላ ግዴታ፦ «ጉዳይዎ አለቀ?» የሚል ጥያቄ ሳይኖር አትውጡ። ጉዳዩ ያለቀለት ሁሉንም ይወዳል፣ ያላለቀለት ሁሉንም ይጠላል። ሁለቱን ለየብቻ አስሉ። ጉዳዩ ሳያልቅለት «አክብረውኛል» ያለው ሰው ነው ስለ ጠባይ የሚያስተምራችሁ።

——

የቦርከና_ዳር፦

ከላይ በተባለው ላይ የሜዳውን ልጨምር።

«ባለሥልጣን» የምትሉት ማን ነው? ቅጹ ላይ ካልለያችሁ ሰዉ ዘበኛውንም፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋንም፣ ከንቲባውንም «መንግሥት» ብሎ አንድ ላይ ነው የሚመልሰው። ቢያንስ በሦስት ለዩ፦ ተመራጭ (የምክር ቤት አባል)፣ ተሿሚ፣ ቋሚ ሠራተኛ። «ዛሬ ያነጋገርዎት ሰው የቱ ነው? መስኮት ላይ ያለ፣ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ያለው፣ ወይስ ጸሐፊ ያለው?» ብትሉ ይገባዋል። ጸሐፊ ያለው ማለት ኃላፊ ነው፤ ሕዝቡ በዚህ ነው የሚለየው። ጥበቃውን ለብቻ ጠይቁ። በሩ ላይ «ወዴት ነህ?» ተብሎ የገባ ሰው ውስጥ ያለውንም በዚያው ዓይን ነው የሚያየው።

ቦታው ከጥበቃው ዓይን የራቀ ይሁን። አንድ መቶ ሜትር ያህል፣ ከተቻለ መንገዱ ከታጠፈ በኋላ። ባጅ አታንጠልጥሉ፣ ከቢሮው መኪና አትውረዱ፣ ከቢሮው ጠያቂ አትበደሩ። ይኼ የመጨረሻው በየቦታው የሚደረግ ስህተት ነው፤ «እነሱ ሰዉን ያውቁታል» ይባላል፤ ችግሩም እሱ ነው።

ማን እንደሚጠየቅ ለጠያቂው አትተዉለት። ከተተወለት ፊቱ የፈታውን ይመርጣል። «የሚወጣውን አምስተኛ ሰው» በሉትና ቁጠሩ፤ እምቢ ካለ ቀጣዩ አምስተኛ። እምቢ ያሉትም በቁጥር ይመዝገቡ፣ ወንድ ሴት ተብለው።

ደሴ ላይ ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ገጠሬው ገበያውን ከቢሮ ጉዳዩ ጋር አገናኝቶ ይመጣል። ሰኞን ብቻ ከያዛችሁ ገጠሬ ይበዛባችኋል፣ ከዘለላችሁትም ገጠሬ ታጣላችሁ። ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ቢሮው ዝግ ነው፤ ከጁምዓ መልስ የሚመጣው ሰልፍ ረጅም ስለሚሆን የዚያን ሰዓት ምሬት ከኃላፊው ጠባይ ጋር እንዳታደባልቁት ሰዓቱን ጻፉ። የግብር ሰሞን ሐምሌ ላይ ገቢዎችን አትጠይቁ፤ መልአክ ቢቀመጥበት ይሰደባል።

ኮምቦልቻ ላይ በከሚሴ መስመር የሚመጣ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ አለ። ቢያንስ ሁለት ጠያቂ ቋንቋውን የሚችል ይሁን፣ ትርጉሙም በቃል ሳይሆን አስቀድሞ በወረቀት ይዘጋጅ። ሴቶችን ሴት ትጠይቅ። ባል አጠገብ ከቆመ ደግሞ የምታገኙት የባልየውን አስተያየት ነው።

መጨረሻ ላይ ይህን አስገቡ፦ «እኛን ማን የላከን ይመስልዎታል?» በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው አፍሮባሮሜትር በየአገሩ ቃለ መጠይቁን የሚዘጋው በዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው። «መንግሥት» ያሉትንና «ሌላ» ያሉትን ለይታችሁ መልሳቸውን አስተያዩ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ፍርሃቱ የት ድረስ እንደገባ ታውቃላችሁ።

——

ሰኞ_ገበያ፦

በአንድ ነገር ከመጠይቅ_ፈታሽ ጋር አልስማማም (ይኸው ፊት ለፊት አልኩት)። ቅጽሎቹን ሙሉ በሙሉ ካወጣችሁ የጠፋው ጥናቱ ራሱ ነው። ጥያቄያችሁ ሕዝቡ ስለ ሰውየው ያለው አመለካከት እንጂ የአገልግሎት ቆጠራ አይደለም። «ንቆኛል» የሚባለው ነገር በድርጊት ዝርዝር አያልቅም። ሰውየው «እርስዎ» እያለ፣ ወንበር እየሳበ፣ ግን ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ሊንቅ ይችላል። ደሴ ላይ የንጉሥ ሚካኤል የግብር (የግብዣ) አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። በስፋቱ ወይም በቁመቱ ሳይሆን ማንንም ባለመጸየፉ ነው የተጠራው። እዚህ ሹም የሚመዘንበት ቃል ከጥንቱም ይኸው ነው፣ ቅጹ ላይም ቦታ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ድርጊቱ ይቅደም፣ ቅጽሉ ይከተል። የተገላቢጦሽ ከሆነ መጀመሪያ «ጥሩ ሰው ናቸው» ያለ ሰው ከዚያ በኋላ ያንኑ ላለማፍረስ ይመልሳል።

ቅጽሉን ደግሞ በደረጃ ሳይሆን በባቄላ ጠይቁ። አራት ካርድ መሬት ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ፤ እያንዳንዱ ላይ ሥዕል፦ ሰው የሚሰማ (ጆሮ)፣ ሥራ የሚያውቅ (እስክሪብቶና ወረቀት)፣ እጁ ንጹሕ (የተዘረጋ ባዶ እጅ)፣ ሰው የማይለይ (ሚዛን)። 10 ባቄላ ስጡትና «ለአንድ ሹም የትኛው ይበልጥ ያስፈልገዋል? እንደሚመስልዎት ያካፍሉ» በሉ። ያ የሚፈለገው ሹም ነው። ቁጥሩን መዝግባችሁ ባቄላውን ሰብስቡና እንደገና፦ «ዛሬ ያገኙት ሰው ከእነዚህ ምን ይበዛዋል?» ሁለቱን ቀንሱ። ንጹሕ እጅ በመጀመሪያው 4 አግኝቶ በሁለተኛው 1 ከሆነ የቀረው 3 ነው የምትፈልጉት ክፍተት። ማንበብ የማይችልም ይመልሰዋል። ደግሞም ሰው ባቄላ ሲያንቀሳቅስ ያስባል፤ ምልክት ሲያደርግ አያስብም። አራቱን ካርዶች ለእያንዳንዱ ሰው ቦታ እየቀያየራችሁ ዘርጉ፤ አለዚያ አንዱ ካርድ በተቀመጠበት ቦታ ብቻ ሊበዛለት ይችላል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ባለበት አገር፣ ሐቀኝነት በሕዝቡ ዓይን ምግባር ነው ወይስ ሞኝነት? ይህን በቀጥታ ብትጠይቁ ሁሉም «ምግባር ነው» ይላችኋል። ሁለት ሰው ሳሉለት። አንደኛው ፊቱ ፈገግ ያለ፣ ቶሎ የሚጨርስ፣ ግን «የሻይ» የሚቀበል። ሁለተኛው አምስት ሳንቲም የማይነካ፣ ግን ቁጡና ዘገምተኛ። ከዚያ ሁለት ጥያቄ፦ «የእርስዎ ጉዳይ ለማን ቢደርስ ይመርጣሉ?» እና «ለከተማው ኃላፊ የትኛው ይሾም?» ለሁለቱ የተለያየ መልስ የሚሰጠውን ሰው ቁጠሩ። ለራሱ አንዱን፣ ለከተማው ሌላውን የሚመርጠው ሰው ብዛት ከየትኛውም ቅጽል የበለጠ ይነግራችኋል። ለግማሹ ሰው ሁለተኛውን አስቀድማችሁ አንብቡ። አቅም ካላችሁ ደግሞ በግማሹ ቅጽ ላይ ሹሙን ሴት አድርጉት፣ አንድ ቃል ሳትቀይሩ። ወንድ ሲሆን «ቆፍጣና» የተባለው ጠባይ ሴት ስትሆን ምን እንደሚባል በዚያ ይታያል።

——

ሆጤ_ማዶ፦

እግዜር ይስጥልን፣ ይኼን ያህል አልጠበቅንም። ባቄላውን ወደድነው። የጉቦውና የቁጥሩ ነገር ግን ገና አልተመለሰም። በተጨማሪ የኃላፊዎች ስም ቅጹ ላይ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ ብለን ተከራክረናል።

——

ዘውድ_ወይስ_ጎፈር፦

ጉቦን ሁለት ቦታ ክፈሉት። «በአጠቃላይ ከኃላፊዎች ስንቶቹ በሙስና የተሰማሩ ይመስልዎታል? ማንም፣ ጥቂቱ፣ አብዛኛው፣ ሁሉም» የሚለው በቀጥታ ይጠየቃል። አፍሮባሮሜትር ይህንኑ ነው የሚጠቀመው፣ ሰው ስለ ሌሎች ሲናገር አይፈራም። «እርስዎ ሰጥተው ያውቃሉ?» ግን ራሱን ማስመስከር ስለሆነ መሸፈኛ ይፈልጋል።

ቀላሉ መሸፈኛ ሳንቲም ነው። መላሹ ለብቻው ይወርውር፣ አያሳያችሁ። ዘውድ ከወጣ ምንም ይሁን ምን «አዎ» ይበል፤ ጎፈር ከወጣ እውነቱን ይናገር። «አዎ» ያለውን አንዱን ሰው ማንም ሊወነጅለው አይችልም፤ የሁሉም ድምር ግን ይሰላል። ለምሳሌ 200 ሰው ቢጠየቅ ወደ 100 የሚሆነው በሳንቲሙ ብቻ «አዎ» ይላል። በጠቅላላ 130 «አዎ» ካገኛችሁ ከሌላው 100 ውስጥ 30ው እውነተኛ ነው፤ 30 በመቶ ማለት ነው። ዋጋው ስህተቱ መስፋቱ ነው፦ በ200 ሰው ወደ ±13 ነጥብ (እውነተኛው ቁጥር ካገኛችሁት እስከ 13 ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል ማለት ነው)፣ በ400 ወደ ±9።

እዚህ አገር የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ሳንቲም መወርወር ቁማር የሚመስላቸው አዛውንቶች አሉ፣ ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም ወገን። ለእነሱ በሳንቲሙ ፈንታ «የአንድ ዘመድዎን ስልክ ያስቡ፤ ለእኔ አይንገሩኝ። መጨረሻው 0፣ 2፣ 4፣ 6 ወይም 8 ከሆነ አዎ ይበሉ» አድርጉት። እኩሌታው ያው ነው። ሁለተኛ፣ ያልሰጠ ሰው ዘውድ ወጥቶበት «አዎ» ማለት ይቀፈዋል፤ «ውሸት አልናገርም» ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ በማይጎዳ ነገር («ዛሬ ቡና ጠጥተዋል?») አንድ ጊዜ አለማምዱት። ካለማመዳችሁ በኋላም እምቢ ካለ ተዉት፣ ለብቻ መዝግቡት።

ሌላው ዘዴ ዝርዝር ነው፤ ለግማሹ ሰው አራት ነገር፣ ለግማሹ ደግሞ አምስተኛ ጉቦ ተጨምሮበት፣ «ስንቱ ደርሶብዎታል? ቁጥሩን ብቻ» ማለት። የሁለቱ አማካይ ልዩነት ነው መልሱ። ያምራል፣ ግን ለእናንተ አልመክርም። በ200 እና 200 ሰው ስህተቱ ±20 ነጥብ ገደማ ይደርሳል፤ 30 በመቶ ብታገኙ ከ10 እስከ 50 ማለት ነው። ያንን ይዞ ምን ይባላል?

ስለ ቁጥሩ፦ 400 በአንድ ላይ ±5 ይሰጣችኋል። ለየከተማው 200 ሲሆን ±7። ደሴና ኮምቦልቻን ስታነጻጽሩ ከ10 ነጥብ ያነሰ ልዩነት ልዩነት ነው ብላችሁ አትጻፉ። «የኮምቦልቻ ሴቶች» ብላችሁ 100 ሰው ላይ ስትወርዱ ስህተቱ በራሱ ±10 ነው። ለማነጻጸሪያ አፍሮባሮሜትር ለመላው ኢትዮጵያ 2,400 ሰው ነው የሚጠይቀው፣ ±2። የእናንተ ዋና ዓላማ ንጽጽር ከሆነ በየከተማው 384 ያዙ፤ ካልሆነ 400ው በቂ ነው።

ሌላ ሰው ያላነሳው፦ በር ላይ የምትጠይቁት የሚመላለሰውን ነው። በወሩ አራት ጊዜ የመጣ ሰው አንድ ጊዜ ከመጣው አራት እጥፍ የመጠየቅ ዕድል አለው፣ ደግሞ የተማረረው እሱ ነው። «ባለፈው ወር ስንት ጊዜ መጡ?» ብላችሁ መልሱን ለዚያ ቁጥር አካፍሉት፤ አራቴ የመጣው እንደ ሩብ ሰው ይቆጠር። ከነጭራሹ ቢሮ የማይረግጠውን ሰው ደግሞ በር ላይ አታገኙትም። ቢያንስ 100ውን ቤት ለቤት ውሰዱ።

——

መጠይቅ_ፈታሽ፦

ስም አይጻፍ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት ሥራ ግልጽ፣ ባለሥልጣኑም ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል፤ ሐሳብን መግለጽም አንቀጽ 29 አለው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ላይ ግን ስም ማጥፋት አለ፣ እናንተም መርማሪ አይደላችሁም። በመስኮት ኮድ ያዙ፦ ደ-01፣ ኮ-04። የኮዱ ቁልፍ ከቅጾቹ ተለይቶ አንድ ሰው ዘንድ ይቀመጥ። ከ10 ያነሰ ሰው የተናገረበትን መስኮት ለብቻው ሪፖርት አታድርጉ። ክፍሉ አንድ ሠራተኛ ብቻ ካለው ደግሞ ኮድም ስም ነው፤ ከሌላ ጋር አጣምሩት። የመላሹንም ስምና ስልክ አትውሰዱ፤ «ለማረጋገጫ» ተብሎ ሲወሰድ ነው ያ ሁሉ «እስማማለሁ» የሚመጣው።

ሰኞ_ገበያ ያለው ልክ ነው፣ ቅጽሉ ከድርጊቱ በኋላ ይግባ። ጠቅላላው ግን ከ12 ጥያቄ አይብለጥ። ቆሞ ያለ ሰው ከሰባት ደቂቃ በኋላ ለመገላገል ነው የሚመልሰው።

——

የቦርከና_ዳር፦

400 ለ8 ሲካፈል ለአንድ ጠያቂ 50 ነው፤ በቀን ስድስት ሰው ቢሠራ ዘጠኝ ቀን ይበቃዋል። የተረፈውን ስድስት ቀን እንዲሁ አታባክኑ፦ ሁለቱ ለሥልጠና፣ ሁለቱ ለሙከራ፣ ሁለቱ ለዝናብና ለስብሰባ። ኃላፊዎቹ ሁሉ ስብሰባ የሚገቡበት ቀን መምጣቱ አይቀርም።

——

ሆጤ_ማዶ፦

ገብቶናል። ባቄላው ክክ ይሁን ወይስ ድፍን?

——

ሰኞ_ገበያ፦

ድፍን፣ ጥሬ። ክኩ ትንሽ ስለሆነ ለእጅ አይመችም። ቆሎ ከያዛችሁ ደግሞ ሦስተኛው ሰው ላይ ስትደርሱ 7 ነው የሚቀራችሁ።